ቴፑና የተቆረጠው ሽቦ

ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድኩት ስለ መኪና ቴፕ ነው። «በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ ቴፕ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። የዛሬ ስንት ዓመት ቢሆን እኔም እንደ እናንተ እል ነበር። ነገር ግን ያ ከጡብ የማይበልጥ ዕቃ በእኔና በባለቤቴ መካከል ገብቶ ቀናት አኳርፎናል፤ ምንም ያላጠፋ ልጅ በሰው ፊት አሰድቧል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔን ለራሴ አሳይቶኛል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ልትገዙም ያሰባችሁ፣ በተለይ ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ እስቲ ጥቂት ጆሮ ስጡኝ።

ርካሹ ቴፕ

ከተጋባን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምነውን ይዘን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ገዛን። ዲኤክስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ ብዬ አላምንም። የእኛዋ በፈረንጆች 1982 የተሠራች፣ ከእኛ በፊት አራት ባለቤት ያየች፣ ቀለሟ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ናት። ሞተሯ ግን ደህና ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል፤ ዳሽቦርዷ ላይ የቴፕ ቦታው ባዶ ነው። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ አንድ ጥርሷ የወለቀ ሴት ትመስለኝ ነበር።

አዲስ ቴፕ ከሱቅ ለመግዛት ዋጋው ከበደኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እኔ የማውቀው ደላላ አለ» አለኝና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ደላላው ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ጓዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቴፕ አውጥቶ አሳየን። ንጹሕ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። የጠየቀን ገንዘብ የአዲሱን ሲሶ አይሞላም። ካርቶን የለውም፤ ደረሰኝም የለውም። ከኋላው የተንጠለጠሉት ሽቦዎች አራት ጣት ያህል ናቸው፤ ጫፋቸው እኩል ሆኖ በፒንሳ እንደተቆረጠ ያስታውቃል።

ባለቤቴ ሽቦዎቹን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይኼ ለምን ተቆረጠ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲፈቱት ነዋ!» አልኳት።

«የሚፈታ ሰው ሶኬቱን ይነቅላል እንጂ ሽቦ ይቆርጣል?»

መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ ባል እንደሚያደርገው ተቆጣሁ። «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ካልመረመርሽ አይሆንልሽም» አልኳትና ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ። እሷም ዝም አለች። እስከ ቤታችን ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ወገኖቼ፣ «አላወቅሁም ነበር» ብዬ ልጽፍላችሁ ብችል ደስ ባለኝ። አውቄ ነበር። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ነው።

የአባባ ካሴት

ባለቤቴ አባቷን በጣም ትወድ ነበር። እኔም «አባባ» ብዬ ነው የምጠራቸው። በ1989 ዓ.ም. ስንጋባ አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው መርቀውን ነበር፤ አንድ የአጎቷ ልጅ ምርቃቱን በካሴት ቀድቶ ሰጠን። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሌላ ማንም በማይጠራት የልጅነት ስሟ ይጠሯታል። ከዚያ ይመርቃሉ። ሁሉም አንድ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አባባ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ በኋላ ያ ካሴት ለእኛ ካሴት መሆኑ ቀረ። የቤታችን ቴፕ አርጅቶ ካሴት መብላት ስለጀመረ እሱ ላይ ለማጫወት ፈራን። የመኪናው ቴፕ ግን ጥሩ ያጫውታል። ስለዚህ ካሴቱ መኪና ውስጥ ኖረ። ባለቤቴ አባቷ የናፈቋት ቀን ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ካሴቱን ታስገባለች። ልጆቻችን ከኋላ ተቀምጠው አያታቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አብረው «እህም» ይላሉ፤ እንሥቃለን። ልጆቹ አያታቸውን በደንብ የሚያውቋቸው በዚያ ድምፅ ነው።

«ይህን ካሴት እናስቀዳው» ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። ካሴት ቤቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ በመንገዳችን ላይ ነበር።

የረቡዕ ምሽት

በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ ነው። ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ነበረን። ግቢው ሞልቶ ስለነበር መኪናዋን ከአጥሩ ውጭ አቆምናት። እኔ ልጆቹን ይዤ ቀድሜ ገባሁ፤ በሩን ቆልፋ የተከተለችኝ ባለቤቴ ናት። ቀን ጫማ የሚጠርግ፣ ማታ ማታ መኪና የሚጠብቅ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ያህል ልጅ አለ። «ጋሼ፣ አይሃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንወጣ በሩ ተዘግቷል፤ መስታወቱም አልተሰበረም። ገብቼ መብራት ሳበራ ግን ያ ጉድጓድ እንደ ጥንቱ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሽቦዎቹ ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል።

ታዲያ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ምን ይመስላችኋል? ከጸሎት የወጣሁ ሰው ነኝ። «በሩን ቆልፈሽው ነበር?» ነው ያልኩት። ባለቤቴ አልመለሰችልኝም። ካሴቱ ቴፑ ውስጥ እንደነበር እኔ ሳላስብ እሷ ገብቷት ነበር።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩ። የሸሚዙን ኮሌታ ይዤ፣ ምእመናኑ እየወጡ፣ «አንተ ነህ ያሳየሃቸው! ስንት ሰጡህ?» አልኩት። ልጁ ለሁለት ሌሎች መኪኖች ቦታ ሲያሳይ ከታች በኩል እንደነበር፣ ማንም መስታወት ሲሰብር እንዳልሰማ እየማለ ነገረኝ። አልሰማሁትም። ሰዎች ገላገሉን። በነጋታው ልጁ ከዚያ ቦታ ጠፋ።

ኤሌትሪሺያኑ ያሳየኝ

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰድኩ። ኤሌትሪሺያኑ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀለ። «እንዲህ ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሎ መኪና አይነዳም፤ ቢጫው ሁልጊዜ እሳት አለበት» አለኝ። በብዙዎቹ ከውጭ በሚመጡ ቴፖች ላይ ቢጫው ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው፤ ጥቁሩ ደግሞ የመሬት ሽቦው ነው። ቢጫው ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ፊውዙ በትክክል ካልተገጠመ ደግሞ ሽቦው ራሱ ሊነድ ይችላል።

ከዚያ ከኪሱ የራሱን የቁልፍ ዘለላ አወጣ። የእኔ ያልሆነ፣ የሌላ አሮጌ መኪና ቁልፍ መርጦ በእኔ በር ላይ አስገባና ጥቂት ነቅነቅ አድርጎ አዞረው። ከፈተው! «ጋሼ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ቁልፍ የገባበት ነው። ጥርሱ አልቋል። ይኼን ማንም ይከፍተዋል» አለኝ።

እንግዲህ ባለቤቴ ቆልፋው ነበር። ልጁም ምንም አላሳየም። ጥፋቱ የበሩ ነበር፤ በሩ ደግሞ የእኔ ነው።

ልጁን ያጠፋሁት፣ ባለቤቴን ያስለቀስኩት ሳያንስ ሌላ ነገር መጣ። ኤሌትሪሺያኑ ዳሽቦርዱ ላይ የቀሩትን ሽቦዎች እያስተካከለ፣ «አዩ፣ በፒንሳ ቆርጠውት ነው የሄዱት። ቴፑ ላይ አራት ጣት ያህል ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

አራት ጣት ያህል! የዛሬ አራት ዓመት በጋዜጣ ተጠቅልሎ የወጣልኝ ቴፕ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ማታ ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ነግሬህ ነበር» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችኝም። ብዙ ቆይታ፣ «ያን ጊዜ የገዛነው ቴፕ ውስጥ ካሴት ነበረበት ይሆን?» አለችኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«ማታ ና»

ቅዳሜ ወደዚያው ደላላ ሄድኩ። ቴፑ አላሳዘነኝም፤ ካሴቱን ግን ባገኝ ብዬ ነው። ባለቤቴ «አትሂድ» አላለችኝም፤ «ሂድ»ም አላለችኝም። የእሷ አባት ድምፅ ነውና ምን ትበል?

ሱቁ ጓዳ ውስጥ መደርደሪያ አለ። ቴፖቹ ተደርድረዋል። ከአንዳንዶቹ ኋላ አጭር አጭር ሽቦ ተንጠልጥሏል። የእኔን አየሁ፤ የለም። ደላላው ምን ዓይነት እንደምፈልግ ጠየቀኝና ነገርኩት። «አሁን የለም፤ ማታ ና» አለኝ።

ማታ ና! አሁን የሌለው ማታ ከየት ይመጣል? ምናልባት የእኔው ከሌላ ደላላ ይመጣ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እኔ ስላዘዝኩ ብቻ የአንድ ሌላ ቤተሰብ መኪና ዛሬ ይከፈታል። ያን ጊዜ አንድ ነገር በግልጽ ገባኝ፤ ሌባው የሚሠራው ለእኔ ነው። ፒንሳውን የያዘው እሱ ቢሆንም የላከው ገዢው ነው። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እንላለን፤ ዳቦውን የሚያቀርብለት ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መግዛትን «መሸሸግ» ብሎ ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። እኔ ግን የስርቆትን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ እያወቅሁ፣ ትእዛዙ ለገዢ የማይደርስ ይመስለኝ ነበር።

ማታ አልሄድኩም። ካሴቱንም አላገኘነውም። ይህን ስጽፍላችሁ መጨረሻውን ላሳምርላችሁ አልችልም፤ ካሴቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሁለት ይቅርታ

ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለረቡዕ ምሽቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከአራት ዓመት በፊት ጥያቄዋን በቁጣ ለዘጋሁበት ቅዳሜም ነው። ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችን አንዳንድ ጊዜ የሚጠይቁን ጥያቄ እኛው ራሳችን ልንጠይቀው የፈራነውን ነው። እሷም ይቅር አለችኝ፤ ቶሎ ግን አልነበረም። ቶሎ ባለመሆኑም አልፈርድባትም።

ልጁን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከአንድ አስፋልት ማዶ፣ ሌላ ሕንፃ ሥር ጫማ ሲጠርግ አገኘሁት። ሲያየኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሰው ፊት ሰድቤሃለሁና በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ፤ እሁድ ትመጣለህ?» አልኩት። መጣ። ከአምልኮ ሲወጡ እነዚያው ሰዎች እየሰሙ የሆነውን ተናገርኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ምንም አይደል ጋሼ» አለ። ቀጥሎም ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያንን በር ግን ያሠሩት።»

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በሩን አሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ኤሌትሪሺያንና ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ለእናንተ ልዘርዝረው። ዲኤክሷ ዛሬም አለች፤ ሁለተኛ አልተነካችም። እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አሮጌዎቹ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ሊቆዩ ነውና ምክሩ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

1. ከበሩ ጀምሩ። ስለ ቴፑ ከማሰባችሁ በፊት የራሳችሁ ያልሆነ አሮጌ ቁልፍ በርችሁን ይከፍት እንደሆነ ሞክሩ። ከከፈተ የቁልፉን ጉንጉን አስቀይሩ። የመስታወቱ ጎማ ላልቶ ከሆነም አሳድሱ። የኋላ በሮችንና ፖርታባጋሊዮውን አትርሱ፤ የፊቱን አጥብቀን የኋላውን የምንተው ብዙዎች ነን።

2. ቴፑ ለምን በቀላሉ እንደሚሸጥ ዕወቁ። ከጥንት መኪኖች ብዙዎቹ ግራና ቀኝ የሚዞር ቁልፍ ያለው ራዲዮ ነበራቸው። በኋላ ጀርመኖች «ዲን» የሚባል መለኪያ አወጡ፤ ግንባሩ 180 ሚሊ ሜትር በ50 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው አይ ኤስ ኦ 7736 በሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ቁመቱ እጥፍ የሆነው ደግሞ 180 በ100 ነው። ከአንዱ መኪና የወጣ ቴፕ በሌላው ስለሚገባ ለእኛ ተመቸን፤ ለሌባውም ያንኑ ያህል ተመቸው።

3. ከኋላው አስሩት። እንዲህ ዓይነቱ ቴፕ ዳሽቦርዱ ላይ በሚገጠም የብረት ሰገባ ውስጥ ይገባል። በሰገባው ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ምላሶች በካቻቢቴ ታጥፈው ዳሽቦርዱን መንከስ አለባቸው። ችኩል ሠራተኛ ሁለቱን ብቻ አጥፎ ይተዋቸዋል፤ ሁሉንም አሳጥፉ። ከብዙዎቹ ቴፖች ጀርባ መካከል ላይም የብሎን ቦታ አለ። ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ከመኪናው አካል ጋር ሲታሰር፣ አንደኛ በኮረኮንች ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ሁለተኛ ጎትቶ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል። ሌባ የሚጠላው ጊዜ ማጥፋትን ነው። ቴፑን ማውጫ የሆኑትን ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቤት ይኑሩ።

4. ፊቱ የሚነቀል ቴፕ ካላችሁ ንቀሉት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ገዝቶ ከገጠመ በኋላ ፊቱን ሳይነቅል ዓመት ይሞላዋል። ያለ ፊቱ ቴፑ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ነቅላችሁ የጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከከተታችሁት አልነቀላችሁትም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። በቦርሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ። የምትደብቁት ነገር ካለም መኪናውን ከምታቆሙበት ቦታ ሳትደርሱ ደብቁ፤ ቆማችሁ ስትደብቁ የሚያይ ዓይን አይጠፋም።

5. ኮድ ያለው ከሆነ ኮዱን ዕወቁ። አንዳንድ ቴፖች ባትሪ ሲነቀል ይቆለፉና ቁጥር ካልተሰጣቸው አይሠሩም። ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ከሊብሬው ጋር መኪና ውስጥ ካለ ግን ከቴፑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ከሻጩ ላይ ኮዱን ተቀበሉ፤ አለበለዚያ ባትሪ የቀየራችሁ ቀን ቴፑ ዲዳ ይሆንባችኋል።

6. አታጊጡት። በአሮጌ መኪና ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቴፕና ትልልቅ ስፒከር ከሩቅ ይጣራል። የእኛ አሁን ያለው ተራ ነው፤ ስናቆምም አንዲት አሮጌ ጨርቅ እንጥልበታለን። ጨርቅ የሚያስፈልገው ሰርቆ የመጣን ለመከልከል አይደለም፤ አልፎ ሂያጁን ላለመፈተን ነው።

7. አላርም ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። መኪና ሲነካ የሚጮኸው አላርም የሚጠቅመው የሚሰማው ሰው ካለ ነው። በከተማችን አላርም ሲጮኽ ቀና ብሎ የሚያይ ስንቱ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ከተቻለ ሰው ባለበትና ብርሃን ባለበት አቁሙ። አላርም ባትሪ ስለሚጠጣ መኪናዋ ብዙ ቀን ሳትነሣ የምትቆም ከሆነ ባትሪውን እዩት።

8. ቁጥሩን ጻፉ። እኔ ለፖሊስ ላመለክት ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት የቴፑን ቁጥር ነው። አልነበረኝም፤ ደረሰኝም አልነበረኝም። እንዴት ይኖረኛል? የቴፑ ሰውነት ላይ የተለጠፈውን ተከታታይ ቁጥር ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ብረቱ ላይ የታርጋችሁን ቁጥር በሹል ነገር ፈልፍሉበት። የተፈለፈለ ቁጥር ያለበትን ዕቃ ደላላም ይፈራዋል፤ ቢገኝም የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል።

9. ኢንሹራንሱን አንብቡ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሁላችንም የምንገባው የሦስተኛ ወገን ዋስትና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ለተሰረቀ ቴፕ አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ያላችሁም ብትሆኑ በኋላ የተገጠመ ዕቃ በውሉ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ።

10. ከተሰረቀባችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ሽቦዎቹ በየቀለማቸው በፕላስተር ሳይጠቀለሉ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። አዲሱን ስታስገጥሙም ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዞ ሳይሆን በሶኬት ይገጠምላችሁ።

11. ያልተቆረጠ ሽቦ ግዙ። ያገለገለ ቴፕ መግዛት ነውር አይደለም። ግን ሻጩ ማን ነው? ከየትኛው መኪና ወጣ? ደረሰኝ ይጽፋል? ሶኬቱ አብሮት አለ? ቴፑን አዙራችሁ ኋላውን እዩ። ሽቦው አራት ጣት ላይ ከተቆረጠ ዋጋውን አትጠይቁ። የእኔን የመሰለ ጉድጓድ ያለበት ሌላ መኪና አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነውና።

12. ውስጡ ያለውን አስቀዱ። ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ቴፕ ይገዛል። የወላጆቻችሁ ድምፅ በአንድ ካሴት፣ በአንድ ፍላሽ፣ በአንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ዛሬ ወደ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡት፤ ለእኅት ወንድሞቻችሁም ስጡ። ካሴት አሮጌ ነው፤ ሌባ ባይወስደው እንኳ ጊዜ ይወስደዋል።

አሥራ አንድ ደቂቃ

ካሴቱ ከጠፋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ማታ ባለቤቴ ደብተር ይዛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ምርቃት ከትዝታዋ መጻፍ ጀመረች። አንዱን ሐረግ ስትረሳ ትልቋ ልጃችን ከመኝታ ቤት ሆና ትሞላላት ጀመር። ትንሹም ተነሥቶ መጣ። እኔም የማስታውሰውን አዋጣሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አራታችን ጻፍነው። ጨርሰን ባለቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልታነብ ስትል ትንሹ፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ እህም በዪ!» አላት።

ባለቤቴ «እህም» አለች። ካሴቱ ከጠፋ ወዲህ ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ደብተሩ ዛሬ ቤታችን አለ፤ ፎቶውም በልጆቻችን ስልክ ውስጥ ነው። መኪና ውስጥ ግን አይቀመጥም። የአባባ ድምፅ አልተመለሰም፤ የዚያ የማላውቀው ሰው ቴፕም ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም። ይህን ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ በሩን ሞክሩ፤ ቁጥሩን ጻፉ፤ ፊቱን ንቀሉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ቆልፈሃል?» ቢላችሁም አትቆጡ። ደግሞም ቴፑ ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ጌታ ቤታችሁንም ደጃችሁንም ይጠብቅ።